የእማማ የሺ ወደብ

ሰኞ

ጉድ ፈላ። ዛሬ ደብረ ማርቆስ ላይ ወደብ አገኘሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እድራችን እሁድ አዳራሹ ውስጥ የከተማውን የድሮ ፎቶ ለሰው ሊያሳይ ነው። ፎቶ የምለቅመው እኔ ነኝ፤ ሻይ ቤት ስላለኝ ሁሉን አውቃለሁ ተባለ። የድሮ ገበያ፣ የድሮ መናኸሪያ አገኛለሁ ብዬ ነበር። ያገኘሁት መርከብ! ሐጂ ሰዒድ ከመርከብ ፊት። የቄሰ ገበዙ ወንድም ከመርከብ ፊት። የእትዬ ዘነቡ ባል፣ ሉካንዳ የነበራቸው፣ እሳቸውም ከመርከብ ፊት። ለካ ያኔ የነበረው ፎቶ ቤት አንድ ብቻ ነው፤ ግድግዳው ላይ ወንዝና መርከብ የተሳለበት መጋረጃ ነበረው። ኮትም ያውሳል። አገር ሙሉ አንድ ኮት ለብሷል! ለቀጭኑ ይንጠለጠላል፣ ለወፍራሙ አይቆለፍም።

ስቄ ስቄ እንባዬን ስጠርግ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ሳቄ ቀጥ አለ። የባሌ አባት አያ ቸኮል፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እማማ የሺ ራስጌ ተሰቅለው ያሉት በዚያው ኮት፣ ከዚያው መርከብ ፊት ነው።

ማክሰኞ

አማቴ እማማ የሺ ያገቡት ሰውየውን አይደለም፣ መርከቡን ነው። በልጅነታቸው ሁለት ጠያቂ መጣ። አንዱ ከአማኑኤል ከተማ፣ በሬው ብዙ። ሌላው አያ ቸኮል፣ በሬ የለ ምን የለ። የአያ ቸኮል ሽማግሌዎች ግን ያንን ፎቶ ይዘው ገቡ። «ልጁ ጋምቤላ፣ ባሮ ወንዝ ላይ፣ ወደብ ውስጥ ሠርቷል» አሉ። እማማ በሬውን ትተው ወደቡን መረጡ። አያ ቸኮል «አንድ ቀን ወስጄ አሳይሻለሁ» እንዳሉ አረጁ፣ እንዳሉም ሞቱ።

ዛሬ ፎቶውን እማማ ራሳቸው አውርደው ሰጡኝ። «ከፊት ስቀይው። የእነ እንቶኔን ገበያ ወደ ኋላ አድርጊው። ከዚህ ሰፈር ወደብ ያየ የእኔ ባል ብቻ ነው።»

እሺ አልኩ። ምን ልበል? ሁሉም ጎን ለጎን ሲሰቀል ሊያዩት ነው። በስተርጅና፣ በሰው ፊት!

ፎቶውን ቀረብ አድርጌ አየሁት። ከባሮ ማዶ በረዶ የለበሰ ተራራ አለ። ሠዓሊው ጋምቤላ ቀርቶ እዚህ አጠገባችን ያለችውን ሉማሜንም ያየ አይመስለኝም።

ረቡዕ

ለባሌ ለሙሉቀን ነገርኩት። «አባዬ? ጋምቤላ? ዓባይን ተሻግሮ አያውቅም እኮ!» ብሎ ሆዱን ይዞ ተንከተከተ። ከዚያ ኮስተር አለና «እማዬ ግን እንዳትሰማ። አደራ» አለኝ። ስቆ ስቆ አደራውን እኔ ላይ ጥሎ ወጣ።

ዘዴዬ፦ የአያ ቸኮልን ፎቶ በሩ ላይ፣ ሌሎቹን መርከቦች ከውስጥ ጥግ ጨለም ካለው እሰቅላለሁ። ደግሞ እማማ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ምናልባት አይመጡም።

ዓርብ

እማማ ነጠላ አሳጥበዋል፣ ባጃጅ ቀጥረዋል። «ጉልበትዎስ?» ብል «ተሽሎኛል» አሉ።

የባሰ አለ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ተመስገን ስሜን እየጠሩ፣ እየተጣደፉ መጡ። «ይታይሽ፣ ደስ ይበልሽ! መጋረጃውን አገኘነው! የፎቶ አንሺው ልጅ በርበሬ ሲያሰጣበት ኖሯል!»

ደስ ይበልሽ ይሉኛል! ሰው ቆሞ እንዲነሳበት መድረኩ ላይ ዘረጉት። ፊቱ የቆመ ሁሉ ያስነጥሳል። «ጋሽዬ፣ ይኼ ነገር ለጤና ጥሩ ነው?» ብል «ታሪክ ነው!» አሉኝ። ፎቶስ ይደበቃል፤ ግድግዳ የሚያክል መርከብ የት ልክተት?

ቅዳሜ

እውነቱን ልንገራቸው ብዬ ቆርጬ ገባሁ። «እማማ፣ ያ የአያ ቸኮል ፎቶ... ማለቴ መጋረጃው...»

«የምን መጋረጃ?» ዓይናቸውን ተከሉብኝ።

«የሳሎኑ። ቆሽሿል፣ ልጠበው።»

ከሰዓቱን ሙሉ መጋረጃ ሳጥብ ዋልኩ። ወገቤ!

እሁድ

እማማ በሩ ላይ የአያ ቸኮልን ፎቶ አዩ፣ ተሳለሙት፣ ደስ አላቸው። እዚሁ አስቀምጬ ሻይ ላምጣላቸው ስል ሐጂ ሰዒድ ከውስጥ ተጣሩ። «የሺ! ነይ የእኔን መርከብ እዪ!»

አበቃልኝ። እማማ ከዘራቸውን ይዘው ሐጂን አዩ። የገበዙን ወንድም አዩ። የዘነቡን ባል አዩ። ከዚያ ቀና ብለው መድረኩ ላይ ያለውን ጨርቅ አዩ።

«ቸኮልዬ» አሉ በመጨረሻ፣ «ለስንቱ ሰው ነው ኮቱን ያዋሰው! ደግ እኮ ነበር።»

«ኧረ በአላህ! ኮቱማ የእኔ ነው!» አሉ ሐጂ።

«ውሸት! የባሌ ነው፣ ቁልፉን የተከልኩት እኔ ነኝ!» ብለው እትዬ ዘነቡ ከወንበራቸው ተነሱ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እማማም አብረው ሳቁ። ከዚያ መድረኩ ላይ ወጡ፤ መርከቡን በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«በይ አንሺኝ። አሳይሻለሁ እንዳለ ነው የሞተው።»

በስልኬ አነሳኋቸው። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «በርበሬው ነው» አሉ።

ባጃጅ ውስጥ አላስችል አለኝ። «እማማ፣ ያውቁ ነበር እንዴ?»

«ምኑን?»

ያውቁ እንደሆን አሁንም አላውቅም። ፎቶውን ነገ አሳትሜ ከአያ ቸኮል ጎን እሰቅለዋለሁ።

ከባጃጁ ሳወርዳቸው ክንዴን ያዝ አደረጉና፣ «ያ የአማኑኤሉ፣ ባለ በሬው» አሉኝ፣ «ፎቶ እንኳ አልነበረውም እኮ።»