ቁልፉ ሲስተር ብሩክታይት ዘንድ ነው

ለውድ እህቴ ለእትዬ አስካለች፤

የጌታ ሰላም ካለሽበት ይድረስሽ። እንደምን ከርመሻል? የመተሐራው ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ያ የሚያብጠው እግርሽስ ተሻለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ሌላውን ሁሉ ሐኪም ቤት እየላክሽ ለራስሽ ዝም ብለሻል? የጋሽ ኤልሳዕ ጤናስ? የልጆቹስ? እኔ በጌታ ቸርነት ደኅና ነኝ። ድሮም እንዲህ እያልኩ እጽፍልሽ ነበር፤ ዘንድሮ ግን እውነቴን ነው።

ሥራ ገብቻለሁ፣ እትዬ። ልደውልልሽ ቴሌ ድረስ ሄጄ ነበር፤ ግን ወረፋ ጠባቂው ሁሉ ከኋላዬ ቆሞ እየሰማ የሚነገር ነገር ስላልሆነ ተመልሼ ብዕር አነሣሁ። የተቀበሉኝ እነዚያው ያባረሩኝ ዶክተር ኤርሳዶ ናቸው፤ እዚያው ክሊኒካቸው። ያስቀመጡልኝ ግዴታ አንድ ብቻ ነው፤ የመርፌው ቁም ሣጥን ቁልፍ እኔ እጅ አይገባም። ፔቲዲን፣ ያ ለከባድ ሕመም የሚሰጠው፣ እኔን እንደዚያ አድርጎ የበላኝ መርፌ፣ የሚቀመጠው እዚያ ውስጥ ነው። ቁልፉን የነርሶቹ ኃላፊ ሲስተር ብሩክታይት አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትውላለች። በሽተኛ ሲያቃስት እሷን እጠራለሁ፤ ከፍታ የምትቀዳውም የምትወጋውም እሷ ናት። እኔ ቁስል አጥባለሁ፣ ግሉኮስ እሰቅላለሁ፣ አልጋ አነጥፋለሁ። ጋውኔን ሁልጊዜ እስከ ክርኔ ሰብስቤ ነው የምሠራው፤ ክንዴን ሰርቀው ከሚያዩት እኔው ላሳያቸው ብዬ። መጀመሪያ ሰሞን ስገባ ወሬያቸውን የሚያቋርጡት ባልደረቦቼ አሁን ምሳቸውን ያካፍሉኛል።

አልጋ ሳነጥፍ አንቺን አስባለሁ። አዲስ አበባ ታክሜ ስወጣ፣ እናታችን ቤት ለመግባት አፍሬ መንገድ ላይ ስቀር፣ የወሰድሽኝ አንቺ ነሽ። በላብ የራሰውን አንሶላ ስትቀይሪልኝ አንድም ቀን ፊትሽ አልጠቆረም። ጋሽ ኤልሳዕም ማለዳ እየቀሰቀሱኝ በመስኖው ቦይ ዳር ያስኬዱኝ ነበር። ሰው ሁሉ ሲመክረኝ እሳቸው የሚያወሩኝ ስለ ሸንኮራ አገዳ ብቻ ነበር። ምን ያህል እንዳሳረፉኝ አያውቁም፤ አመሰግናቸዋለሁ በያቸው።

አሁን ደግሞ የእማዬን ጉድ ስሚ። የቁልፉን ነገር አልደበቅኋትም ነበር። እሷ ግን ቁልፍ የተከለከለ ማለት ገና ያልታመነ ማለት ነው ብላ ተቃጠለች። እሑድ ቦዲቲ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የጸሎት ርእስ ያለው ሲባል ብድግ አለችና፣ ልጄ ጦና ከመርፌ ሱስ ወጥቶ ሥራ ገብቷል፣ የመድኃኒቱን ቁልፍ ግን ከልክለውታልና እንዲሰጡት ጸልዩልኝ ብላ ቁጭ። የሴቶች ኅብረትም ረቡዕ ረቡዕ በጾም ይዞት አረፈው። ቦዲቲ ያወቀውን ነገር ሶዶ ሳይሰማ እንደማይውል አንቺው ታውቂያለሽ። በንዴት መኪና ተሳፍሬ ሄድኩባት። ጎመኗን እየቀነጠሰች ጩኸቴን እስክጨርስ ጠበቀችኝና በወላይትኛ፣ «ስትታመም ያልደበቅሁህን ሲሻልህ ነው የምደብቅህ?» አለችኝ። የሠራችውን በልቼ ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲህ ነው እንግዲህ እማማ አሳየሽ የሚባሉ የቦዲቲ እናት ጋሪ ተገልብጦባቸው፣ ጭናቸው ተሰብሮ ክሊኒካችን የመጡት። እግራቸው ከመስተካከሉ በፊት መርፌው ታዘዘ። ሲስተር ብሩክታይት ቀድታ ስትመጣ፣ እማማ በዚያ ስቃይ መሀል አተኩረው አዩኝና የእማዬን ስም ጠርተው የፈጠነች ልጅ አይደለህም ወይ አሉኝ። ነኝ አልኳቸው።

«እኔ ለዚህ ልጅ እጅ ስጾም ነው የከረምኩት፤ እሱ ይውጋኝ» አሉ።

ሲስተር ብሩክታይት ዶክተሩን አየቻቸው፤ ዶክተሩ በዓይናቸው እሺ አሏት። መርፌውን መዳፌ ላይ አኖረችው። ልቤ አልደነገጠም ብልሽ ውሸት ነው፤ ያ ነገር እስከ ዛሬ ይጠራኛል። ግን እማማ አሳየሽ አንሶላውን ጨምድደው ይዘው ነበርና እጃቸውን እያየሁ በደኅናው በኩል ወጋኋቸው። ባዶውን ለሲስተር መለስኩላት። ቀስ እያሉ ጣታቸው ሲፈታ፣ ትንፋሻቸው ሲረጋ አጠገባቸው ቆሜ ጠበቅሁ። ከዚያ ጓሮ ወጥቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። የምወደው ሥራዬ ነበር እኮ፣ እትዬ። መልሶ ተሰጠኝ።

በማግስቱ ዶክተር ኤርሳዶ ቢሯቸው ጠርተው፣ ከእንግዲህ እንደ ሌሎቹ ነርሶች ተራህን ያዝ ብለው ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡልኝ። ይህን ቀን ስንት ጊዜ ተመኝቼው ነበር መሰለሽ። አላነሣሁትም። ዛሬ ብይዘው ምንም አልሆንም፣ የደከመኝና የከፋኝ ቀን ግን ምን እንደማደርግ አላውቅም አልኳቸው። ቁልፉ እዚያው ሲስተር ዘንድ ይቆይ፤ እሷ ከፍታ ትቅዳ፣ እኔ እሷ እያየችኝ ልስጥ አልኩ። ተነሥተው ጨበጡኝ። አሁን የምንሠራው እንደዚያ ነው።

የቀረኝ ጭንቅ እማዬ ናት። ሴቶቹ ዛሬም ለቁልፉ እየጾሙ ነው፤ ተሰጥቶኝ እንቢ ማለቴን ደፍሬ አልነገርኳትም። አንቺን ትሰማሻለች። ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ ስትመጡ፣ ቅርጫው ውስጥ እናንተንም አስገብቻለሁና መቅረት የለም፣ አጠገቧ ቁጭ ብለሽ ቀስ አድርገሽ አስረጂልኝ። ጾሙን ግን እንዳይተዉብኝ አደራ። ቁልፉን እንዳልፈልገው ይጸልዩልኝ።

ለጋሽ ኤልሳዕ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ማክዳን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ዮሴፍ ኳሱን ትቶ ትምህርቱን እንዲይዝ አጎትህ ብሏል በዪው፤ እሱም እኔን ስለሚያውቀኝ ይስቅ ይሆናል፣ ይሳቅ። በሌሊት በር እያንኳኳሁ ላስቸገርኳቸው ጎረቤትሽ ለእማማ ሚርያምም፣ ጦና እንቅልፉን ይተኛል ብለሽ ንገሪያቸው።

ወንድምሽ ጦና
ወላይታ ሶዶ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1999 ዓ.ም.