ለአራሶች ሁሉ የደረሱት ወይዘሮ ኢንሳፍ በሻይ

ወይዘሮ ኢንሳፍ በሻይ ከአባታቸው ከአቶ በሻይ ሐና እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጀሊላ ሚካኤል፣ ከመላዊ ከተማ በዓባይ ማዶ በምትገኘው መንደራችን፣ እ.ኤ.አ. በ1953 የጥጥ ለቀማ ሊጀመር ሲል ወደዚህ ዓለም መጡ። እናታቸው ከእሳቸው በፊት ሁለት ሕፃናት ቀብረው ነበር። ኢንሳፍ እንደተወለዱም የእናታቸው ጡት ደረቀ። መንደሩ ምክንያቱን ለማግኘት አልተቸገረም፤ ከቀብር የተመለሰች አንዲት ጎረቤት ሳታስበው አራሷ ዘንድ ገብታ ነበር። በእኛ ዘንድ ሬሳ ከወጣበት ቤት የመጣ ሰው አዲስ ጨረቃ እስክትታይ ድረስ አራስ ቤት አይገባም፤ ከገባ ወተቱ ይደርቃል ይባላል። ያቺ ጎረቤት እስክትሞት ድረስ በዚህ ስትታማ ኖረች።

ኢንሳፍን ያተረፏቸው ጎረምሳው ታላቅ ወንድማቸው አቶ ሻውቂ ናቸው። ከእርሻ ሲመለሱ እህታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ በመንደሩ ጫፍ ልጅ የምታጠባ ሴት ቤት ያመላልሷቸው ነበር። ጓደኞቻቸው፣ «ሻውቂ፣ ሚስት ሳታገባ ሞግዚት ሆንክ!» እያሉ ሲያፌዙባቸው፣ «የራበው ካለ እሱንም አደርሰዋለሁ፤ ተሰለፉ» ብለዋቸው ያልፉ ነበር። ወይዘሮ ኢንሳፍ ይህን ሲያወሩ ይስቃሉ፤ ሳቃቸው ሳያልቅ ዓይናቸው እንባ ይሞላል።

በመላዊ የሴቶች ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረው፣ ሚንያ ከተማ በረዳት አዋላጅነት ሠለጠኑና በ1973 በመላዊ አንድ የእናቶችና ሕፃናት ጣቢያ ሥራ ጀመሩ። በ1977 የውሃ ሞተር ጠጋኝ ከነበሩት ከአቶ ወጊህ ሉቃ ጋር በተክሊል ተጋቡ። ብዙ ጠብቀው፣ ብዙ ስለት ተስለው፣ በ1986 አንዲት ልጅ ወለዱ። ሚሪት አሏት። ሌላ ልጅ አልሰጣቸውም።

ሥራቸው ማዋለድ ይባል እንጂ ስማቸው የተጠራው ከወሊድ በኋላ ባለው ነው። በአራሷ አልጋ ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ፤ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ አድርገው ያሞቃሉ፤ መጀመሪያ አይነኩም፣ ያያሉ። ሕፃኑ አፉን እስኪከፍት ይጠብቁና ያን ጊዜ ጠጋ ያደርጉታል። «ጫፉን ብቻ ከያዘ አንቺን ያቆስልሻል፣ እሱም ጾሙን ያድራል፤ አፉን ሞልቶ ይጉረስ» ይላሉ። እንገሩን አስደፍተው የስኳር ውሃ የሚሰጡ አማቶች ያናድዷቸው ነበር። አንዷ አማት፣ «ይሄ ቢጫ ነገር መግል አይደል እንዴ?» ብትላቸው፣ «መግል ከሆነ አንቺም መግል ጠጥተሽ ነው ይሄን ሁሉ ዓመት የኖርሽው» አሏት፤ አራሷ ስፌቷን ይዛ ሳቀች።

በኋላም ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት እናቶች ማለቢያ መሣሪያ በቤተ ክርስቲያን በኩል ተገዛ። ሴቶቹ ሲያዩት ደነገጡ። «እትዬ ኢንሳፍ፣ እንደ ቤት ጎሽ ልታልቢን ነው?» አሏቸው። «ጎሽስ ዝም ብላ ትታለባለች፤ የምትራገጡት እናንተ ናችሁ» ብለው መለሱ። መሣሪያው ሲበላሽ አቶ ወጊህ ማታ ከሥራ ገብተው ይጠግኑታል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ወይዘሮ ኢንሳፍ በእጅ ማለብ ያስተምራሉ። የታለበውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ጭናቸው ላይ አድርገው በሚኒባስ ሆስፒታል ያደርሱ ነበር። የቆርቆሮ ወተት ሲያዩ ፊታቸው ይጠቁራል። «ሁሉም እናት ወተት አላት፤ የሚያሳያት ሰው ነው ያጣችው» የሚል ቃል ነበራቸው፤ በዚህ ከተማ ያልሰማው የለም።

ከሁሉ በላይ ግን የሚታወቁት ያን የሬሳና የወተት ነገር በመታገላቸው ነው። አንድ ቀን ከአማታቸው ቀብር ሲመለሱ፣ አንዲት አራስ ጡቷ አግቶ ትኩሳት እንደያዛት ተነገራቸው። ጥቁር ልብሳቸውን ሳይቀይሩ ሄዱ። የአራሷ እናት በሩ ላይ ቆመው፣ «ኢንሳፍ፣ በዚህ ልብስሽ? ልጄን ልታደርቂብኝ ነው?» አሏቸው። «ወተት ጆሮ የለውም እህቴ፣ ማን እንደሞተ አይሰማም» ብለው በጎናቸው አልፈው ገቡ። ያገተውን በእጃቸው አለቡላት፤ ልጁን ጡት አስያዙት። ሲወጡ ቀሚሳቸው ላይ የፈሰሰውን ወተት ለሴትዮዋ እያሳዩ፣ «ይኸው፣ ደረቀ!» አሉ። ይህ ቀልድ መላዊን ዞረ። ከዚያ ወዲህ የተከፈተላቸው በር ብዙ ነው። በ2009 አቶ ወጊህ ሲያርፉ እንኳ በሐዘናቸው ውስጥ ሆነው አራስ መጠየቅ አላቋረጡም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነበበው ከባድ ነው። ሚሪት፣ «እናቴ ጥሩ ሰው ነበረች ብላችሁ ብቻ እንዳትጽፉ» ስላለችን ጽፈነዋል።

ሚሪት በ2011 ከአቶ ራእፋት ጋር ተጋብታ ከአማቷ ከወይዘሮ ለዊዛ ጋር በአንድ ቤት ትኖር ነበር። ወይዘሮ ለዊዛ በወጣትነታቸው ሁለት አራስ ልጆች ሞተውባቸዋል፤ ፍርሃታቸው ከክፋት የመጣ አልነበረም። በ2016 ጥር ላይ ሚሪት ሴት ልጅ ወለደች። ወይዘሮ ኢንሳፍ አጠገቧ ነበሩ። ሕፃኗን ደረቷ ላይ አስተኟት፤ ጡት ያዘች። «በመጀመሪያ ልጅ ወተት ሊዘገይ ይችላል፤ አትፍሪ፣ ነገ መጥቼ አየዋለሁ» ብለዋት ወጡ። በማግስቱ ማለዳ አቶ ሻውቂ አረፉ።

ወይዘሮ ኢንሳፍ ወንድማቸውን ቀብረው ከመቃብር በቀጥታ ወደ ልጃቸው መጡ። ወይዘሮ ለዊዛ በሩ ላይ ነበሩ። አልጮሁባቸውም፤ እጃቸውን ይዘው አለቀሱ። «ኢንሳፍ እህቴ፣ ሐዘንሽ ሐዘኔ ነው። ግን ሁለት ቀብሬአለሁ። ጨረቃዋ እስክትታይ ብቻ ታገሺኝ፣ በወንድምሽ ነፍስ እለምንሻለሁ» አሏቸው። የሌላ ሰው ልጅ በር ገፍተው የሚያልፉት ሴት በገዛ ልጃቸው በር ላይ ቆሙ። በኋላ እንደነገሩን፣ ወተቱ በሌላ ምክንያት እንኳ ቢጎድል «እናቷ ከሬሳ መጥታ አደረቀቻት» እየተባለ ሚሪት ዕድሜዋን ሙሉ እንዳትኖር ብለው አሰቡ። ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ መገናኛቸው ስልክ ነበር።

«ጡት ትይዛለች?»

«ትይዛለች እማ።»

«ሽንቷስ? ጨርቋን ታርሳለች?»

«ደህና ነው፤ አንቺ ሐዘንሽ ላይ ሁኚ።»

«ምነው ድምፅዋን ሰምቼ አላውቅም?»

«ጨዋ ናት እማ። አያቷ እንደዚህ ያለ ጨዋ ልጅ አይቼ አላውቅም ነው የሚሉት።»

ሚሪት እናቷን ዋሽታ ነበር። ጡቷ እንዳልሞላ ታውቃለች፤ ግን የኢንሳፍ ልጅ ወተት አጣች እንዲባል አልፈለገችም። ራእፋት የቆርቆሮ ወተት ልግዛ ሲላት፣ «እናቴ ብትሰማ ምን ትለኛለች?» ብላ ከለከለችው። የወይዘሮ ኢንሳፍ ልብ ግን አላረፈም። ማለቢያውን በካርቶን አድርገው ላኩላት። ካርቶኑም ከሐዘን ቤት የመጣ ነው ተብሎ ሳይገባ ደረጃው ሥር ቀረ። ሚሪት መላኩን እንኳ አልሰማችም።

በሰባተኛው ቀን ግብዣ ሕፃኗን በወንፊት አድርገው ነቀነቋት፤ እንደ ደንቡ ሙቀጫ ተወቀጠ፤ ስም የተሰየመላቸው ሻማዎች በርተው ዘግይቶ የጠፋው ሻማ ስም ወጣላት፤ ኢላርያ ተባለች። በሙቀጫው ድምፅ አልነቃችም። እንግዶቹ፣ «ይቺ ደግሞ ምን ዓይነት እንቅልፋም ናት!» ብለው ሳቁ። ራእፋት ብቻ አልሳቀም። በማግስቱ ወደ ወይዘሮ ኢንሳፍ ሄዶ፣ «እማማ፣ ጨረቃውን ይተዉት፤ ይነሡልኝ» አላቸው።

ገብተው ሕፃኗን ሲያነሷት እርግብግቢቷ ጎድጉዶ፣ ምላሷ ደርቆ አገኟት። ወደ ሆስፒታል ሲሮጡ መንገድ ላይ፣ በታክሲ ውስጥ፣ በእቅፋቸው አረፈች። የክርስትናዋ ሰማንያ ቀን ገና ሩቅ ነበር፤ ካህን ለመጥራትም ጊዜ አልተገኘም።

ኢላርያ በተቀበረች ማግስት የሚሪት ወተት መጣ። የዘገየው ሁሉ አንድ ላይ መጣ፤ ጡቷ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ልብሷን አራሰው። ወይዘሮ ኢንሳፍ ሄዱ። በዚያን ቀን ከየት መጣሽ ያላቸው የለም፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። ካርቶኑን ከደረጃው ሥር አነሡ፤ ለሌላ ሰው ልጆች ሲያደርጉ እንደኖሩት እጃቸውን አሙቀው፣ ልጃቸው አጠገብ ተቀምጠው ቀስ እያሉ አለቧት። ሚሪት፣ «እማ፣ ይኸው ነበረኝ» አለች። የታለበውን መድፋት ወይዘሮ ኢንሳፍ አቃታቸው፤ ወይዘሮ ለዊዛ ከእጃቸው ተቀብለው እያለቀሱ ደፉት።

ወደ ሥራቸው አልተመለሱም። ሚሪት ልጅ አልደገመችም፤ ከራእፋትም ጋር ተለያይታ ወደ እናቷ ቤት ገባች። እናትና ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር ስለ ገበያው፣ ስለ ቂጣው፣ ስለ ውሃው መጥፋት ሲነጋገሩ ዓመታት አለፉ፤ ያን ነገር ግን አንዳቸውም አላነሡትም። አራሶች ደጅ ሲመጡ ወይዘሮ ኢንሳፍ በሩን ገርበብ አድርገው፣ «ሽንቱን እዩ። ካልሸና አብሉት፤ ከጡትም ይሁን ከቆርቆሮ ብቻ አብሉት» ብለው ይዘጋሉ። «ሁሉም እናት ወተት አላት» የሚለውን ቃል ከአፋቸው ዳግም የሰማ የለም። ሊያጽናና የመጣ ሁሉ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ሲላቸው፣ «እግዚአብሔር መቼ ከለከለኝ? የተመለስኩት እኔ ነኝ» ይሉ ነበር። ንስሐ አባታቸው ፈትተዋቸዋል፤ እሳቸው ግን ራሳቸውን አልፈቱም። ቅዳሴ ያስቀድሳሉ፣ ከኋላ ይቆማሉ፣ ሳይቆርቡ ይወጣሉ። በዚህ ውስጥ ሆነው ጸሎት ማቋረጣቸውን ግን አላየንም፤ ምን ብለው እንደሚጸልዩም አልነገሩንም።

ከ2021 ጀምሮ ኩላሊታቸው ደክሞ በእጥበት ሲረዱ ቆዩ። ያመላለሰቻቸው፣ ያጠበቻቸው፣ ያጎረሰቻቸው ሚሪት ናት። ሊያርፉ ሰሞን፣ ከሰዓት በኋላ ላይ ዓይናቸውን ገልጠው፣ «ሚሪት፣ ያን ቀን ገፍቼ መግባት ነበረብኝ» አሉ። በክፍሉ የነበርን ሁሉ «ተዪው እማ» እንድትላቸው ጠበቅን።

«አዎ እማ፣ ነበረብሽ» አለች። ቀጥላም፣ «እኔም እውነቱን መናገር ነበረብኝ» አለች።

ከንፈራቸውን በእርጥብ ጥጥ አራሰችላቸው። ወይዘሮ ኢንሳፍ እጇን ያዙ፤ ያን ያህል ዘመን የሰማናቸው ማጽናኛዎች ሁሉ ያልሰጧቸውን ዕረፍት ያ መልስ ሰጣቸው ለማለት አንደፍርም። እጇን እንደያዙ በጥር ወር 2023፣ በዕለተ ማክሰኞ አረፉ።

ወይዘሮ ኢንሳፍ የአንዲት ልጅ እናት፣ ለጥቂት ቀናትም አያት ነበሩ። ልጃቸው ሚሪትና የወንድማቸው ልጆች በሐዘን ላይ ናቸው። ወይዘሮ ለዊዛም በሰው ተደግፈው መጥተው ከሚሪት አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ማንም በክፉ ዓይን እንዳያያቸው ሚሪት ትለምናችኋለች። ዛሬ አስከሬናቸውን ተሸክመው ከገቡት ጎልማሶች መካከል የመጀመሪያ ጡታቸውን በእሳቸው እጅ የያዙ አሉ። እነሱን አይተን ልንጽናና ሞክረን ነበር፤ አልሆነልንም። የእነሱ መኖር የኢላርያን አለመኖር አይሞላውም፤ ወይዘሮ ኢንሳፍም እንዲሞላው ጠይቀው አያውቁም።

ክርስትና ሳትነሣ የሄደችው ሕፃን ወዴት እንደሆነች መጻሕፍት ገልጠን፣ አባቶችን ጠይቀን የሚያሳርፍ መልስ አላገኘንም። ጌታ ሆይ፣ አንተ ታውቃለህ። የአገልጋይህን የኢንሳፍን ነፍስ ተቀበል፤ ሕፃኗንም እቅፋቸው ውስጥ መልስላቸው። አሜን።