ጋሽ ቀስ በሉ እና በሌላ ሽፋን የተገኘው ሸክላ

ተገኘ! ሸክላው ተገኘ! የአባላችን የጥርስ ሐኪሟ ቤት፣ መደርደሪያዋ ላይ፣ አንድ ጭረት ሳይነካው!

የተከበራችሁ አባላትና ወዳጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የሀዘን መግለጫ በሆታ እንደማይጀመር እናውቃለን፤ ይቅርታ አድርጉልን። የሙዚቃ አድማጮች ማህበራችን መሥራች፣ ሁላችንም «ጋሽ ቀስ በሉ» የምንላቸው አንጋፋው የሊፍት ጥገና ባለሙያ፣ ባለፈው ሳምንት በሕመም ምክንያት ስለተለዩን ልባችን ተሰብሯል። ስሙ የወጣላቸው ዘፈኑ ሳያልቅ «ይሄማ አይረባም» የሚል ሲነሳ «ቀስ በሉ እንጂ፣ ምን አስቸኮላችሁ?» ስለሚሉ ነው።

ማህበሩ ሲቋቋም ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ያለችውን ክፍል ለምነው ያስፈቀዱት፣ መጋረጃውንም በእጃቸው የሰቀሉት እሳቸው ናቸው። ከሰዓት ብርሃኑ በመጋረጃው አልፎ ወለሉ ላይ ሲተኛ፣ የሸክላ ማጫወቻው መርፌ ስትወርድ፣ ወንበሩም ግድግዳውም ከእኛ ጋር ቀስ ብሎ የሚንሳፈፍ ይመስለን ነበር። ያኔ በስማችን ቢጠሩን እንኳ ሌላ ሰው የተጠራ በመሰለን።

በሁለተኛው ዓመት፣ ሰው ሽፋን አይቶ እንዳይፈርድ፣ ሸክላዎቹን ሽፋን እያቀያየርን እንድንዋዋስ ደንብ አወጡ። በዚህም ስንቱን የተረሳ አልበም መልሰን ወደድነው! መዘዙ ግን አልቀረም። ከባለቤታቸው ጋር በእጮኝነታቸው ዘመን ይሰሙት የነበረው፣ አንዲት ሴት በክላርኔት የምትዘፍንበት ሸክላ በዚሁ ልውውጥ መሃል የገባበት ጠፋ። በሕመማቸው ወራት የጠየቁን አንድ ነገር ቢኖር እሱን ከባለቤታቸው ጋር አንዴ መስማት ነበር። ቤት ለቤት ፈለግን፤ አጣን። ባዶ እጃችንን ሸኘናቸው።

ለካስ ራሳቸው ናቸው፣ በማርሽ ባንድ ሽፋን ውስጥ ከተው ረስተውት፣ «ይቺን ስሚያት» ብለው ለጥርስ ሐኪሟ የሰጧት! እሷ ደግሞ ሽፋኑ ላይ ጉንጩን ነፍቶ መለከት የሚነፋውን ሰውዬ አይታ፣ ሳትከፍተው «ሰምቼዋለሁ ጋሼ፣ ግሩም ነው» ብላቸዋለች። ከቀብር መልስ የቤቷ ዝምታ ሲከብዳት፣ ለእሳቸው ስትል አጫወተችው። ማርሽ ስትጠብቅ አንዲት ሴት ከክላርኔት ጋር እንደ ጭጋግ ለስለስ ብላ ወጣች። ወዲያው መርፌዋን አንስታ፣ ሸክላውን ታቅፋ፣ የቤት ጫማዋን እንዳደረገች ማህበሩ ክፍል ከተፍ አለች።

ለባለቤታቸው ስንነግራቸው «ምነው ልጆቼ፣ አልቅሼ ሳልጨርስ ታስቁኛላችሁ?» አሉ። ከዚያም፣ «ብቻዬንማ አልሰማውም። እሱ ያለ ሰው ሰምቶ አያውቅም» አሉን።

ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸውና አብረዋቸው ለሠሩት ሁሉ ብርታቱን ይስጥልን። ሸክላው አብረን እስክንሰማው ድረስ በማንም አይነካም፤ የጥርስ ሐኪሟም እጇን ትሰብስብ። ጥቁር የለበሰም ይምጣ፣ ቀለም የለበሰም ይምጣ፤ ወንበር ያጣ ደረጃው ላይ ይቀመጣል። መካከለኛው ወንበር የባለቤታቸው ነው። መርፌዋን የሚያወርዱትም እሳቸው ናቸው፤ የፊታችን ቅዳሜ ከሰዓት፣ በዚያችው ክፍላችን፣ አንድም ሰው እንዳይቀር!