በቀይ የሰረዝካቸው ቁጥሮች

አባዬ፣

ከተለየኸን ዛሬ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ሙት ዓመትህን እንደ አቅማችን አውጥተናል። እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷን ብቻ ያማታል፤ እሱንም የሚጨቀጭቀኝ ሰው ስላጣሁ ነው ትላለች። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩህ ወሬዬ እስኪበስል ስጠብቅ ነው። አሁን በስሏል፤ የወንዛችን የመብራት ጥናት አለፈ። መብራቱ ገና አልገባም፤ ግን ውሃው በየት በኩል እንደሚጠለፍ፣ ተርባይኑ የት እንደሚተከል በካርታ ላይ ተሥሏል። "የመምህሩ ሕልም" እያለ በአንተ የሚቀልድ ሰውም ጠፍቷል።

ቤታችን ያው ነው። ወንዝ የምትወርድበት ኮንጎ ጫማህ ከበሩ ኋላ እንደተሰቀለ አለ፤ እማዬ ማንንም አታስነካም። መንደሩ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ እንኳ ተለውጧል። ባለሱቁ ጀማል ሁለተኛ ወፍጮ ተክሏል፤ ናፍጣ ከአቦቦ ከተማ ካልመጣ ግን ሁለቱም ቆመው ይውላሉ። ለትምህርት ቤቱ የተሰጡት ኮምፒውተሮች ከነካርቶናቸው ተደርድረዋል። የምሠራበት ጤና ኬላ ሶላር የክትባት ማቀዝቀዣውን መሸከም ካቃተው ቆየ፤ ስለዚህ ክትባቱን አሁንም በበረዶ ሳጥን አድርጌ ከአቦቦ በሞተር ነው የማመጣው። መንገዱ ሲጨቀይ ልጅ አዝለው የመጡትን እናቶች ሳልከትብ እመልሳቸዋለሁ። ያን ቀን ቤት ስገባ አንተ ፊቴን አይተህ ውሃ ታቀርብልኝ ነበር። አሁን ራሴ ቀድቼ እጠጣለሁ።

ጡረታ ስትወጣ ታርፋለህ ብለን ነበር። አንተ ግን ሠላሳ ዓመት ሳይንስ ያስተማርክበት እጅህ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አልቻለም። ደብተር ይዘህ ከቤት ቤት ዞርክ፤ መብራት ቢገባላችሁ ምን ታደርጉበታላችሁ እያልክ ጠየቅህ። ሰዉ የሌለውን ቴሌቪዥን ሁሉ አስመዘገበህ። ጀማልማ ብቻውን የግማሽ መንደር ዕቃ አስጻፈህ፤ አንተም ሳትስቅ ጻፍክለት። ቤት ገብተህ ግን ምኞቱን በአንድ ገጽ፣ የግድ የሚያስፈልገውን በሌላ ገጽ ለየኸው። ከግዱ ሁሉ በላይ የተጻፈው የእኔ ማቀዝቀዣ ነበር።

ከዚያ ወንዙን መለካት ጀመርክ። ቀይና ነጭ የቀባኸውን እንጨት ውሃው ውስጥ ተክለህ፣ በየማለዳው ሱሪህን ጠቅልለህ እየወረድክ ውሃው የት ድረስ እንደደረሰ ትጽፍ ነበር። ክረምት እንጨትህን ሲወስድብህ ሌላ ተከልህ። ስንቱ ሰው ሳቀብህ! እኔም አንዳንዴ ስቄብሃለሁ፤ ይቅር በለኝ። በሦስት ዓመት ውስጥ ደብተሩ ከግማሽ አለፈ፤ ቁጥሩም ደስ የሚል ነበር። በደረቁ የበጋ ወራት እንኳ ወንዙ ለሁሉም የሚበቃ ውሃ ያለው ይመስል ነበር።

አንድ ጠዋት እማማ አሪየት ባይመጡ ኖሮ እንደዚያው ይቀር ነበር። ታስታውሳለህ፣ ቅርጫታቸውን በአናታቸው ተሸክመው ከአኙዋ ሴቶች ጋር ዓሣ ሊያጠምዱ ሲወርዱ፣ አንተ እንጨትህን ስታነብ አገኙህ። ቆም ብለው አዩህና፣ "መምህር፣ ውሃ ብዙ አይደለም። እኛ ነን የያዝነው" አሉህ። ከእንጨትህ ዝቅ ብሎ በየበጋው በጭራሮና በሣር የሚያጥሩት የዓሣ አጥር አለ። አጥሩ ውሃውን ይዞ ወደ ኋላ ሲያቁረው፣ አንተ የተኛውን ውሃ እንደሚፈስ ቆጥረህ ስትጽፍ ኖረሃል። ከደጋ በሰፈራ መጥተህ ዕድሜህን እዚህ ፈጅተህ፣ አጥሩን በየዓመቱ እያየህ፣ ልብ አላልከውም። እማማ አሪየት አንድ ጊዜ አይተው ነገሩህ።

በማግስቱ ያደረግከውን አልረሳም። ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠህ በቀይ እስክሪብቶ የሦስት በጋ ቁጥር ሰረዝክ። በእያንዳንዱ ጎን በደቃቅ ጽሕፈት "አጥር አለ" ብለህ ጻፍክ። እኔ ከሥራ ስገባ ግማሹን ጨርሰህ ነበር። ያን ሳምንት አንዲት እናት ሁለት ጊዜ ባዶዋን መልሻት ስለነበር ደሜ ፈልቷል። ተወው፣ ማን ያያል፣ ቁጥሩ ካነሰ ማን ዞር ብሎ ያየናል ብዬ ጮኽኩብህ። አንተ ቀና እንኳ ሳትል፣ ውሃው ሲያንስ በመጋቢት የሚቆም ማቀዝቀዣ ላንቺ ምን ያደርግልሻል አልከኝ። አኩርፌህ ሦስት ቀን አላናገርኩህም። አባዬ፣ ከእኔ ይልቅ ማቀዝቀዣውን የምትፈልገው አንተ እንደነበርክ የገባኝ በኋላ ነው።

የሰረዝከውን ያህል ደግሞ ካልሠራሁ ብለህ፣ ከአጥሩ በላይ፣ ውሃው ከትልቁ ድንጋይ ላይ ከሚወርድበት ሌላ እንጨት ተከልህ። ደርሶ መልሱ ሁለት ሰዓት ነው። በዚያ ዕድሜህ፣ በዚያ ሙቀት፣ ሁለት በጋ ሙሉ አንድ ቀን ሳታጓድል ተመላለስክ። የምትጽፈው ቁጥር ትንሽ ነበር። አንተ ግን እንደ ትልቅ ነገር አክብረህ ነበር የምትጽፈው።

አሁን የምነግርህን ነገር ፈርቼ ነው እዚህ ድረስ ያቆየሁት። ጋምቤላ ሆስፒታል ተኝተህ፣ እማዬ ልብስህን ልታጥብ ኒውላንድ ሰፈር አክስቴ ቤት በሄደች ጊዜ፣ ዓይንህን ከፍተህ፣ ትናንት ማን ለካ አልከኝ። እኔ ነኝ አልኩህ። ስንት ነው ስትለኝ ከራሴ አውጥቼ አንድ ቁጥር ነገርኩህ። ደስ አለህ። ጻፊው አልከኝ፤ ደብተሩን ከራስጌህ አንሥቼ እያየኸኝ ጻፍኩት። የደብተርህ የመጨረሻው መስመር የእኔ ጽሕፈት ነው፤ ውሸትም ነው። እንድታርፍ ብዬ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን አረፍክ።

ወንዙን እንድታጠና የተመደበችው መሐንዲስ ከጋምቤላ ስትመጣ ደብተርህን እንድሰጣት ተጠየቅሁ። ቀይ እስክሪብቶህን አነሣሁና ያቺን መስመር ሰረዝኳት። ካንተ የቀረኝን የመጨረሻ ደስታ የምሰርዝ መሰለኝ። ጎኑ ላይ "አልተለካም" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ሰጠኋት።

መሐንዲሷ ደብተሩን ስትገልጥ በጥቁር የተጻፈውን ቶሎ ቶሎ አለፈችው። ቀዩ ጋ ስትደርስ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች። የበጋ ውሃው በዝቶ በወረቀት ላይ ስለተጻፈ ብቻ ትልቅ ማሽን ተገዝቶ፣ ግማሽ ዓመት ቆሞ የሚውልበት ቦታ እንዳየች ነገረችኝ። የራሱን ጥሩ ቁጥር የሚሰርዝ ሰው ግን አላየሁም፣ የቀረውን የማምነው በዚህ ነው አለች። የመጨረሻዋን መስመርም አየቻት፤ ከዚያ ደብተሩን ዘግታ ቦርሳዋ ውስጥ አኖረችው። ባለፈው በጋ ራሷ ከድንጋዩ ሥር ለካች፤ ካንተ ቁጥር ጋር ገጠመላት። ዕቅዱ የተሠራው በዚያ ነው።

ያልነውን ያህል ትልቅ አይደለም። ውሃው ከድንጋዩ በላይ ተጠልፎ በቦይና በቧንቧ ይወርድና፣ ከዓሣው ቦታ ሳይደርስ ወደ ወንዙ ይመለሳል። እማማ አሪየት በስብሰባው ላይ ተነሥተው አጥራችን እስካልተነካ እኛም አለንበት ብለዋል። በደረቁ ወር ጤና ኬላውና ትምህርት ቤቱ ቅድሚያ አላቸው፤ ወፍጮው በተራ ይሠራል። የጀማል ቴሌቪዥን ክረምት ይጠብቃል፤ ተነግሮት አኩርፏል። ማቀዝቀዣዬ ግን በመጋቢትም አይቆምም፣ አባዬ። እንዳልከው።

መሐንዲሷ ግንባታው እስኪጀመር ልኬቱ እንዳይቋረጥ አደራ አለችን። እኔ ወሰድኩት። የምወርደው ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት ነው፤ ኮንጎ ጫማህን እማዬ ስለከለከለችኝ የራሴን ገዝቻለሁ። አንተን የማስብበት ቦታ መቃብርህ ብቻ አይደለም፤ በየማለዳው እዚያ እንጨት ሥር አስብሃለሁ፤ እግሬ እስከቻለ ድረስም አላቋርጥም።

ዛሬ ጠዋት ወርጄ ለክቻለሁ። የዛሬው እውነት ነው።

ልጅህ