የጠፉት አራት መስመሮች

ሰኞ፣ የካቲት 9
ቀኑን ሙሉ አንድ መሣሪያ ላይ። ድርጅታችን ለኩላሊት እጥበት ማዕከሉ የሠራው ረዳት ማሽን የታካሚዎችን መልእክት እያነበበ ቀጠሮ ይይዛል፣ ያዛውራል፣ ይለቃል። ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ መሣሪያ፣ ማለትም ትንሽ ፕሮግራም፣ አለው። መሣሪያው ውስጥ ያለውን ግን አያይም። እኔ የጻፍኩለትን መግለጫ አንብቦ ይመርጣል፣ በቃ።

ለ«ቀጠሮ መልቀቂያ» አራት መስመር ጻፍኩ፦
አልጋውን ለተጠባባቂ ታካሚ አሳልፎ ይሰጣል።
ታካሚው ጨርሶ አልመጣም ሲል ብቻ ተጠቀምበት፤ አስቀድመህ ጠይቀህ አረጋግጥ።
ሰዓት መቀየር ለሚፈልግ ይህን አትንካ፤ «ቀጠሮ ማዛወሪያ»ን ተጠቀም።
አንዴ የተለቀቀ አልጋ አይመለስም።

ቤት ስገባ እናቴ ሩዝ ልትሞላበት ዝኩኒ እየቦረቦረች ነበር። አነበብኩላት።
«አንድ ሰው ከኢፍጣር በኋላ አድርጉልኝ ቢልሽ የቱን ትነኪያለሽ?»
«ማዛወሪያውን ነዋ! ደንቆሮ መሰልኩሽ?»
ለእሷ ከገባት ጥሩ ጽፌያለሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 10
አለቃዬ ነዛር አራቱንም አስጠፋኝ። በምትካቸው፦ «የታካሚን ቀጠሮ ያስተካክላል።» አለቀ።
«ማዕከሉ ፈጣን መልስ ነው የሚፈልገው። ማሽኑ ብልህ ነው፣ ይገባዋል።»
«ያልተነገረው እንዴት ይገባዋል? ዛሬ ሥራ የጀመረ ሰው እንኳ ይነገረው የለ...»
«ዶክተር ሩባ፣ መጽሐፍ መጻፍ ካማረሽ ቤትሽ ጻፊ።»
ሁሉም ሳቁ። ሁለተኛ ዲግሪዬን በማዕረግ መያዜ ነው የሚያስቃቸው።
«አንቺው አስገቢው» አለኝ። አስገባሁት። በገዛ እጄ። ለምን እሺ አልኩ?

ሐሙስ፣ የካቲት 12
የረመዳን መጀመሪያ። መልእክቶቹን አየሁ። የእኛ ሰው መቼ በቀጥታ ይጠይቃል? ሰላምታ፣ ምርቃት፣ ይቅርታ... ከዚያ በመጨረሻ፦ «የቀኑን ተዉልኝ፣ ከኢፍጣር በኋላ ይሁንልኝ፣ አላህ ያቆያችሁ።» አሥራ አንድ ሰው። ማሽኑ ለሁሉም «ተስተካክሏል፣ ረመዳን ከሪም» ብሏል።
ደስ የሚል መልስ። የትኛውን መሣሪያ እንደነካ ሳላይ ወጣሁ። ራሴን አሞኝ ነበር።

እሑድ፣ የካቲት 15
አሥራ አንድ አልጋ ተለቅቋል። ማሽኑ ማዛወሪያውን ትቶ «ያስተካክላል» የተባለውን መልቀቂያ ነክቷል።
አሥሩ በስልክ ጮኸው፣ ለምነው ቦታ አገኙ። አንዷ አላገኘችም። ኡም ሳቢር፣ ስድሳ ስምንት ዓመቷ። ሐሙስ ከኢፍጣር በኋላ ቴምሯን በቦርሳ ይዛ ሄደች። «ስምሽ የለም፣ ሐጃ» አሏት። ስልኳን አውጥታ «ተስተካክሏል» የሚለውን አሳየች። አልጋዋ ላይ ሌላ ሰው ተኝቷል። አርብ ዝግ ነው። ቅዳሜ ልጇ ኢፍቲካር ትንፋሽ ሲያጥራት አይታ ድንገተኛ ክፍል አስገባቻት። እስካሁን አልነቃችም።

ሰኞ፣ የካቲት 16
ነዛር በሩን ዘጋና ወረቀት ገፋልኝ። «መግለጫውን የጻፍኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ስህተቱም የእኔ ነው» ይላል።
«መዝገቡ ላይ የማን ስም ነው ያለው? ያንቺ። ፈርሚና ጥሩ የምስክርነት ደብዳቤ ይዘሽ ውጪ።»
«መግለጫው ተቀይሯል?»
«መጀመሪያ ፈርሚ።»
«የኢርቢድ ከተማው ማዕከልም በዚሁ ማሽን ነገ ይጀምራል! በዚያችው አንድ መስመር!»
«አትጩሂ እህቴ፣ ጾም ነው።»
ጾም ነው! ሰው እየሞተ ጾሙ ታወሰው።
ወረቀቱን ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ አራቱን መስመር ጻፍኩ። ከሥራቸው፦ «የጻፍኩት እነዚህን ነው። በአለቃዬ ትእዛዝ ያጠፋሁትም እኔው ነኝ።» ለዚህ ፈረምኩ። ፎቶ አንስቼ ለሁለቱም ማዕከላት ሐኪሞች ላክሁ። እሱ ቆሞ እያየ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 17
የመግቢያ ካርዴ በሩን አልከፍት አለ።

ረቡዕ፣ የካቲት 18
ከኢርቢድ አንዲት ሐኪም ደወለች። አራቱን መስመር ካላስገባችሁ አንጀምርም ብለው ድርጅቱን አስገድደዋል። ትናንት ሰባት ሰው ሰዓት ይቀየርልኝ አለ። ሰባቱም ተዛወሩ። አንድም አልጋ አልተለቀቀም።
መደሰት ነበረብኝ...

ሐሙስ፣ የካቲት 19
ኡም ሳቢር አረፈች።

እሑድ፣ የካቲት 22
ለቅሶ ቤት ሄድኩ። እናቴ «ይገድሉሻል፣ ምን ልሁን ብለሽ ነው?» አለች። ሄድኩ።
ከሴቶቹ መሀል ኢፍቲካር ቀና አለች። «የማን ልጅ ነሽ?» ነገርኳት። ሁሉንም፣ በገዛ እጄ ማስገባቴን ጭምር። ታስወጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ።
«ያጠፋሽውን አንብቢልኝ» አለች።
አነበብኩ። አራቱንም።
«ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፣» አለች። «ይሄ እኮ ለእኔም ይገባኛል።» ከዚያ ወደ አክስቶቿ ዞረች። «እንደገና አንብቢው። እነሱም ይስሙት።»
እንደገና አነበብኩ። ጥግ የተቀመጠች አሮጊት «ይኸው ነው? እሷ ይሄ ጠፍቶ ነው የሞተችው?» አለች።
«ይኸው ነው፣ እናቴ።»
ነገ ከኢፍቲካር ጋር ዐቃቤ ሕግ ዘንድ እሄዳለሁ። የነዛርንም የእኔንም ድርሻ እናገራለሁ። ይፍረዱብኝ። አሳጥሪው ቢሉኝ ግን አላሳጥርም።