ለልጅ የሚሻለው ሆቴል

ለልጄ ለወርቅአየሁ፦ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከነፈረሱ ከፊትሽ ይቅደም። እኔ ደህና ነኝ። እናትሽ ካረፈች ወዲህ ወጡን ራሴ እሠራለሁ፤ ቢያርም እበላዋለሁ።

ለዕረፍት ያሰባችኋቸውን የሦስቱን የደሴት ሆቴሎች ፎቶ የጎረቤት ልጅ ሀይማኖት በስልኳ አሳየችኝ። «አባዬ፣ ለልጅ የትኛው ይሻላል ይላሉ?» ብለሻል። ስንት ሙሉ ሰው ራቁቱን አሸዋ ላይ እንደ በርበሬ ተሰጥቷል! ውኃ ካማራችሁ ሐይቃችን ዘንገና አለ፤ ያውም ጨው የለበትም።

አንደኛው ሆቴል ደግሞ ሕፃናትን ፈረስ ያስጋልባል አሉ። አየሁት። ፈረሱ አንገቱን ደፍቷል፣ አንድ ሰውዬ በገመድ ይጎትተዋል፣ ልጁ እንደ ጆንያ ተጭኗል። ይህ መጋለብ ከተባለ እኔም ጳጳስ ነኝ።

ጥር ሃያ ሦስት እንጅባራ ላይ የፈረስ በዓላችን ነው። ጉልበቴ ስለከዳኝ የዘንድሮው የመጨረሻዬ ነው። ፈረሴን ለልጅሽ ለፀጋው አስቤው ነበር። ካልመጣ የአክስትሽ ልጅ ወገኔ ይወስደውና ጋሪ ያስጎትተዋል። እየለመንኩሽ እንዳይመስልሽ።

ደሴቱ ካልቀረ ግን ፈረስ የሌለበትን ሆቴል ምረጪ። ፀጋውን መጀመሪያ ፈረስ ላይ የማወጣው እኔ ልሁን። እስከዚያው ዕድሜ ይስጠን፣ በደህና ያገናኘን።

አባትሽ አድማሴ