በሰም የተሸነሸነ ቀሚስ

ይድረስ ከእኅቴ ከእትዬ ዘነበች፣ ዳሞት። ክረምቱ እንዴት አለፈልሽ? ወገብሽስ? ግራ እጅሽ ብርድ ሲነካው ዛሬም ያምሻል ወይ? እማዬ እንዴት ናት? አሁንም ከምድጃ አጠገብ ስታይሽ ትቆጣለች ወይ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ዓባይ ሞልቶ የሚሻገር ሰው ስላጣሁ እስከ ዛሬ ሳልጽፍ ቆየሁ። አንዱ ምክንያት ይኼ ነው። ሌላውን ወደ ታች ታገኚዋለሽ። ባለቤትሽ መሪጌታ መዝገቡ ሲያነቡልሽ እንዳይቸኩሉ ንገሪልኝ።

ደብረ ታቦር ሰው በዝቶባታል፤ ለልብስ ሰፊ ሥራ አይጠፋም። ዓለሙ ከሚባል ቀንድ ሠሪ ጋር በአንድ ጣራ ሥር እንውላለን። እሱ ዋንጫ ይፍቃል፣ እኔ እሰፋለሁ።

የቡሄ ዕለት አሰለፈች የምትባል አዝማሪ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ወደ እኛ ገባች። በተራራው ላይ የጌታ ልብስ እንደ ብርሃን ነጭ ሆነ ተብሎ ሲነበብ ሰምታ ነገሩ ከልቧ አልወጣ ብሏት ነበር። ለመስቀል ግብዣ በሹሙ ዳስ ስትጫወት የምትለብሰው፣ ከውስጡ የሚበራ ቀሚስ ፈለገች። እንዲህ ያለ ልብስ አይቼ አላውቅም አልኳት። ያየኸውንማ ማንም ይሰፋዋል አለችኝ።

ሽንሽኑ የእኔ ሐሳብ ነው። ስስ ሸማ በጣት ስፋት እያጠፍኩ ከላይ እስከ ታች ሸነሸንኩት። ስትቆም እጥፉ ይዘጋል፣ ስትዞር ይከፈታል። ዓለሙ ቀንድ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እስኪሳሳ ፍቆ ስምንት ትንንሽ ዋንጫዎች አበጀ። በየዋንጫው አጭር ጧፍ አቆምን፤ ዋንጫዎቹን በቀሚሱ ሥር ከመቀነት አንጠለጠልናቸው። ሸማውን ከጧፉ የሚያርቅ የሸምበቆ ቀለበትም አዞርንበት።

የክረምቱ እርጥበት ግን እጥፉን አላስይዝ አለ። ድንጋይ ተጭኖት ያደረው ጠዋት ይላላል። እኔም ሰም አቅልጬ እጥፉን አንድ በአንድ ቀባሁት። ቀጥ ብሎ ቆመ። ደስ አለኝ። ለሁለት ቀን ያህል።

ከእሷ በፊት ጧፎቹን አብርቼ ራሴ ለበስኩት። ዓለሙ ጢም ባይኖርህ ኖሮ ዛሬውኑ ሽማግሌ ይላክብህ ነበር አለኝ። አንዴ ዞርኩ። ሁለተኛው ላይ ከጫፉ አንድ እጥፍ ጧፍ ነካ። ሸማ ሲነድ ታውቂዋለሽ። ይኼ እንደ ሸማ አልነደደም፤ ሽቅብ ሮጠ። ዓለሙ ቀንድ የሚዘፈዝፍበትን ውሃ ደፋብኝ። ሽታው ዛሬም አልለቀቀኝም። እግሬን ትንሽ ነካኝ እንጂ ደህና ነኝ።

ከዚያ ተቀምጬ አሰብኩት። ጧፍ ምንድን ነው? ሰም የጠጣ ፈትል። እኔስ ምን ሰፋሁ? ሰም የጠጣ ፈትል። ለሴቲቱ ጧፍ ሰፍቼ ላለብሳት ነበር።

አሰለፈች ስትመጣ አልሠራም አልኳት። ጠቆር ያለውን ጫፍ አገላብጣ አየችው። እሳቱ የሚነካው እኔን፣ የምትንቀጠቀጠው አንተ አለችኝ። ደግሞም፦

«ማንን አቃጥለህ ታውቃለህ?»

እኅቴን፣ አልኳት። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። የደመራው ማታ በችቦ እያሳደድኩሽ፣ አንቺ እየሳቅሽ። እጅጌሽ ተያያዘ። በእጅሽ ጨብጠሽ አጠፋሽው። ለእማዬ ምድጃ ነው አልሻት። ሰባት ዓመቴ ነበር፣ ዝም አልኩ።

አሰለፈች አልሳቀችም። «እንግዲያው እሳት የሚያውቅ ልብስ ሰፊ አገኘሁ» ብላ ቀሚሱን ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

ሸማውን ሦስት ጊዜ ቀቀልኩት፤ የተንሳፈፈውን ሰም ገፈፍኩ። የተቃጠለውን ጫፍ ቆርጬ ጣልኩ። በተልባ ውሃ ነክሬ እንደገና ሸነሸንኩት። የሰሙን ያህል ቀጥ አላለም። ቀለበቱን በአንድ ስንዝር አሰፋሁት። ሦስት ቀን እየለበስኩ ዞርኩ።

የመስቀል ዕለት ዳሱ ዙሪያውን ተሸፍኖ በቀን ጨልሞ ነበር። የራሰ ቡልኮ ይዤ ከምሰሶው ሥር ቆምኩ። አሰለፈች ዞረች። እልልታው ቀለጠ። ዓለሙ በየእጥፉ መካከል ብርሃን እንደ ውሃ ይፈስ ነበር ይላል። እኔ አላየሁም። ያየሁት ጫፉን ብቻ ነው። አልነደደም። በኋላ አየኸኝ ወይ አለችኝ፤ አየሁሽ አልኳት።

እትዬ፣ ሌላው ምክንያት እንግዲህ ይኼ ነው። እማዬ ከእሳት የማትጠነቀቅ እያለች ሃያ ዓመት ስትቆጣሽ ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆኛለሁ። መሪጌታ ይህን ወረቀት እሷ በሌለችበት ጀምረውት እንደሆነ ትጠራና ከመጀመሪያው ይነበብላት። ምድጃ አልነበረም። ከእኔ ትስማው።

ለመሪጌታ መዝገቡ እጅ እነሣለሁ። ልጆችሽን፣ የሺን ሁለት ጉንጯን፣ በላይነህን ግንባሩን ሳሚልኝ። ጎረቤታችሁን እማማ ወርቅነሽን እንዴት ከረሙ በይልኝ። የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ሰምታ እሺ ካለች።

ወንድምሽ ገብረኪዳን
ደብረ ታቦር፣ ጥቅምት ፫ ቀን ፲፰፻፶፫ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ ተጻፈ።